ማጭድ ተስሏል

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ቢሮውን ወደ ጓሮ አዛወረው። ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚያዘው ነገር ካላገኘ ቀኑ የነጋ አይመስለውም። የሚታዘዝለት ሠራተኛ ሲያጣ ዶማ፣ አካፋ፣ መጥረቢያ፣ የአጥር መቀስና ማጭድ ቀጠረ። ቀጠረ የምለው ሌላ ቃል አጥቼ ነው። በጓሮው ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዳቸው ሚስማር መትቶ ቦታ ደልድሏቸዋል፤ ዶማው በማጭዷ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የተገኘ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ይጠየቃል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ማለት እኔ ነኝ። ጓሯችን ደግሞ ጓሮ መባሏም በአክብሮት ነው። ሁለት መደብ ቆስጣ፣ ጥቂት ጌሾ፣ ፍሬ ሰጥቶ የማያውቅ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ሣር። እንግዳ መጥቶ ግድግዳውን ሲያይ እርሻው የት እንደሆነ ይጠይቃል።

ለእነዚያ ብረቶች የሚያደርገውን እንክብካቤ ለእኔ አድርጎልኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው በሆንሁ። ዶማ ቆፍሮ ሲመለስ ጭቃው በእንጨት ይፋቅለታል፣ አሸዋ የሞላ ባልዲ ውስጥ እየተወጋ ይጸዳል፣ ከዚያ የተቃጠለ የማኪና ዘይት በጨርቅ ይቀባል። እጀታ ከወይራ ካልሆነ እጀታ አይደለም። ይህን ሁሉ የሚያዘው ደግሞ በቢሮ አማርኛ ነው። «ዶማው ለዘይት ይቅረብ» ይላል። «መጥረቢያው ለእጀታ ይቅረብ።» «ማጭዷ ለስለት ትቅረብ።» እንደ ሰው «ማጭዷ ትሳል» ብሎ አያውቅም። በኋላ ጉድ ያፈላብን ይሄው የቢሮ አማርኛ ነው።

ከሁሉም የሚኮራው በመሳል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሞረዱን ጭኑ ላይ አድርጎ በራችን ላይ ይቀመጣል፤ የሰፈሩ ቢላ፣ መቀስና መጥረቢያ በየሰዉ እጅ ይመጣል። ሳንቲም አይቀበልም። የሚቀበለው ምስጋና ነው፤ እሱ ካነሰ ግን ፊቱ ይጠቁራል። በሰፈራችን ደብር በር ላይ ደግሞ ሌላ ሞራጅ አለ፤ አሮጌ ብስክሌት ገልብጦ፣ ፔዳሉን እየረገጠ የመሳያ ድንጋይ የሚያሽከረክር ሰው። አባቴ ይህን ሰው ማየት አይወድም። «ብረት ያቃጥላል» ይላል። ብረቱ ድንጋዩ ላይ ሲግል ብልጭታ ይወጣል፤ አባቴ እንደሚለው ያ ብልጭታ የብረቱ ነፍስ ነው፣ አንዴ ከወጣች አትመለስም። ሰውዬው ግን አባቴ ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ይነሣዋል፤ ይሄ አባቴን የባሰ ያናድደዋል።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረችው።

መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ሞረዱ ብረት ላይ ሲሄድ አንድ ረጅም፣ ያልተቋረጠ ድምፅ ነበረው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የቅዳሜ ድምፅ ማለት ለእኔ እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ድምፁ መሐል ላይ ይንተባተብ ጀመር። ወጥቼ ባይ ቀኝ እጁ ለብቻዋ የራሷን ሥራ ትሠራለች። «ብርድ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። ከጥቂት ቀን በፊት ከጓደኞቹ ጋር ኮሶዬ ሄዶ ምሳ በልቶ ነበር፤ በእሱ አባባል የኮሶዬ ብርድ እጁ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሐኪም ቤት እንሂድ አልሁት። «ሄጄ ምን ልበል? ኮሶዬ ምሳ በላሁ ልበል?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ ጋቢው ውስጥ ገባች። በሽታውን አልፈራውም፤ የፈራው ቅዳሜን ነው። «ሰፈሩ ቢላውን ይዞ በደጄ እያለፈ ወደዚያ ብስክሌት ሲሄድ ከማይ» አለኝ አንድ ጊዜ፤ አልጨረሰውም። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። በጣም አዘንሁለት፤ በዚያው ልክ ደግሞ ተበሳጨሁበት፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የተናገረውን ውሸት ሁሉ አብሬው መሸከም ነበረብኝ።

መጀመሪያ ሞረዱ አለቀ አለ። ጡረታ የወጡ ነርስ ጎረቤት አሉን፤ እሳቸው በማግስቱ አዲስ ሞረድ ገዝተው ከተፍ አሉ። ቀጥሎ ጨረቃዋ ጎዶሎ ናት አለ። በመጨረሻ የጽጌ ጾም ሲገባ እፎይ አለና «በጾም ብረት አይሳልም» ብሎ ወሰነ። አባቴ የጽጌን ጾም ጾሞ አያውቅም። ጎረቤታችን ግን አመኑት፤ እንዲያውም እስከዚያ ድረስ ሳያውቁ በጾም ስላሳሉት ቢላ ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ። ንስሐ አባትየውም ነገሩ የት እንደተጻፈ ባያገኙት ለጥንቃቄ ያህል ስግደት ሰጧቸው።

የደብሩ ንግሥ ሲቃረብ የአባቴ ታላቅ እኅት ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። አክስቴ ለበዓል ስትመጣ ቀደም ብላ ነው፤ ወንድሟን ቤተ ክርስቲያን ለመውሰድ ብዙ ልመና እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። በዚያው ሰሞን አባቴ የታመመ የድሮ ባልደረባውን ሊጠይቅ አይከል ሄደ። አስቦበት ነው የሄደው። የበዓሉ ዕለት እንግዳ ይመጣል፣ ሣሩ መታጨድ አለበት፣ ማጭዷ ደንዛለች፣ እጁ እንቢ ብላለች። እሱ ከተማ በሌለበት ማጭዷ ወደዚያ ሰውዬ ብትሄድ ግን ማን ምን ይላል? ከአይከል ስልክ ደወለ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፣ በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሣም፤ ስለዚህ የደወለው ለአክስቴ ነው።

«ማጭዷ ለስለት ደብር ትቅረብልኝ» አላት። «ቶሎ ይሁን። ለማንም እንዳታወሪ።»

በእኛ ሰፈር ደብር ማለት ደብሩ ብቻ አይደለም። ታክሲ መውረጃው ደብር ነው፣ መድኃኒት ቤቱ ደብር ነው፣ ብስክሌት የገለበጠውም ሰውዬ ደብር ነው። አክስቴ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ ናት፤ ለእሷ ደብር ደብር ነው፣ ስለትም ስለት ነው። ያ ቅዳሴ የሚለመነው ወንድሟ በድብቅ ተስሎ ኖሯል፣ ስለቱም ሰምሮለታል፤ ለማንም አታውሪ ያላትም ከትሕትና ነው። ደስ ብሏት አለቀሰች። ማጭዷን አጠበች፣ የማኪና ዘይት ለቤተ ክርስቲያን ስለማይሆን ቅቤ ቀባቻት፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ወስዳ አስረከበች።

አባቴ ቅዳሜ ማታ ተመለሰ። ባዶውን ሚስማር አይቶ አለፈ፤ ማጭዷ ብስክሌቱ ዘንድ ያለች መሰለው። እሑድ አክስቴ ያለ ወትሮዋ እየሣቀች ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚናገሩት ካህን ለንግሡ የገቡትን ስለቶች ይጠሩ ጀመር። ምንጣፍ አሉ፣ ጃንጥላ አሉ፣ በግ አሉ። ከዚያ ቆም አሉ። «ማጭድ» አሉ፤ ምእመናኑ ያልሰሙ መስሏቸው ደገሙት። «አንድ ወንድማችን ማጭድ ተስለው ስለታቸው ሰምሮላቸዋል» ብለው የአባቴን ስም ጠሩ። አክስቴ ከሴቶቹ መሐል እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ የሆነውን ቀስ በቀስ ሲረዳ ከሩቅ ፊቱን አየሁት፤ ቀይ የነበረው ሰውዬ አመድ መሰለ።

እውነቱን እንዳይናገር፣ «አንተ እያለህ ማጭድህን ለዚያ ሰው ለምን ላክህ?» ይባላል። ስለት ነው እንዳይል፣ «ምን ብለህ ተሳልህ?» ይባላል። ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ለሰፈሩ ሥራ ሆነ። አንዱ የጡረታ አበል ሊጨመርለት ነው አለ። ሌላው የኮክ ዛፉ ሊያፈራ ነው አለ። በመጨረሻ ሁሉም የተስማማበት ግን እኔ ባል ማግኘቴን ነው። ሰኞ ዕለት አንዲት ባልደረባዬ መጽሐፍ መደርደሪያ መሐል አቅፋ ሳመችኝና «እንኳን ደስ አለሽ፣ እኛን መደበቅሽ ግን ሸጋ አይደለም» አለችኝ። ማንም ባልዬውን አላየውም፣ እኔም ጭምር። የደረሰብኝ ብስጭት ስለ ባሉ አይደለም፤ ሰው ለልጁ ባል ቢሳል ጃንጥላ ይሳላል፣ ሲበዛ ምንጣፍ። ማጭድ ምን ማለት ነው?

ነገሩን ልቋጨው ብዬ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። እኒያው ካህን ነበሩ።

«አባቴ ማጭዷን የላካት ለስለት ነበር» አልሁ።

«አዎን፣ ለስለት ነው የገባችው።»

«አይ አባ፣ ለስለት አይደለም። ለስለት ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ብፅዓት ማለትሽ ነው፣ ልጄ?»

«ብፅዓት አይደለም።»

«ብፅዓት ካልሆነማ እኛ አናውቀውም። እኛ የተቀበልነው ብፅዓት ነው።»

«እንግዲያው ይመለስልን።»

«ብፅዓት አይመለስም።»

«ለመሳል ነበር» ልል አፌን ከፈትሁ። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው መጥረቢያቸውን ስንት ጊዜ አባቴ ዘንድ አምጥተዋል። ምዬም ነበር። አፌን ዘጋሁ። ካህኑም አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ማጭዷ በንግሡ ዕለት ከሌሎቹ ስለቶች ጋር ጨረታ ላይ እንደምትወጣና የፈለገ መጫረት እንደሚችል ነገሩኝ። ስወጣ ጎረቤታችንን ነርሷን በር ላይ አገኘኋቸው። ወንድ ልጃቸው ሚስት አላገባም፤ አዲስ ዶማ ተስለው ሊያስገቡ መምጣታቸው ነበር። ማጭዷንም በጨረታው እንደሚገዟት ሳይደብቁ ነገሩኝ።

«የራሴን ማጭድ እኔው ራሴ አስፈታታለሁ» አለ አባቴ። እኔ ልጫረትልህ ብለውም አሻፈረኝ አለ።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ቅጥር ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ካህኑ ማይክ ይዘው መድረኩ ላይ ቆሙ። ማጭዷ በጉና ጃንጥላው መሐል በቀይ ጨርቅ ላይ ተጋድማለች፤ ቅቤዋ በፀሐይ ቀልጦ ታበራለች። አባቴ ቅቤውን አይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ተራዋ ሲደርስ ጎረቤታችን ዋጋ ጠሩ። አባቴ ከፍ አድርጎ ጠራና፣ የጠራው እሱ መሆኑ እንዲታይ እጁን አነሣ። ግራ እጅ ማንሣት ነውር መሰለው፤ ያነሣው ቀኙን ነው።

እጁ ከጋቢው ወጥታ አየር ላይ እንደቆመች ትወዛወዝ ጀመር።

«አያ ጨመሩ» አሉ ካህኑ በማይክ።

እጁ ተወዛወዘች።

«አሁንም ጨመሩ።»

ጎረቤታችን አንዴ ተከተሉ፣ ሁለተኛ ሲከተሉ ድምፃቸው ቀነሰ፣ ከዚያ ትተውት እጃቸውን አጣመሩ። አባቴ ግን እጁን ማውረድ መሸነፍ መሰለው። ከፍ አድርጎ ይዟታል፣ እሷም ትጨምራለች። «ጨመሩ! አያ ከራሳቸው ጋር ናቸው፣ አሁንም ጨመሩ» እያሉ ካህኑ ላብ አጠመቃቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዲት አሮጊት «እንዲህ ያለ እምነት በዚህ ዘመን» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ክንዱን ልይዝለት እጄን ስዘረጋ በክርኑ ገፋኝ። አንድ ሰው አንድ ደንዛ ማጭድ፣ ያውም የራሱን፣ ከራሱ ላይ ለመውሰድ እንዲህ ሲፋለም በዓይኔ አየሁ። መሣቅም ማልቀስም ፈልጌ አንዱንም አልቻልሁ።

«አባ፣ ይቁም» አለ አባቴ በመጨረሻ። ለማይኩ ቅርብ ስለነበር ድምፁ በግቢው ሁሉ ተሰማ። «እኔ የጨመርሁት አንዴ ብቻ ነው። ሌላውን የጨመረችው እጄ ናት።»

ካህኑ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ እጁን አዩ። ሰዉም ሁሉ አየ። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። አባቴ እጁን አላወረደም።

«ከታመመች ሰንብታለች» አለ። «መሳል አቃተኝ። ማጭዷን የላክኋት ደብር በር ላይ ላለው ወንድማችን ነው፣ ለስለት። ለዚህኛው ስለት።» የማጭዷን አፍ ለማሳየት ጣቱን ቀሰረ፤ ጣቱ ግን ማጭዷን፣ ጃንጥላውንና በጉን አዳርሳ አመለከተች።

ከዚያ ጎረቤታችን «እና የጾሙስ ነገር?» አሉ።

«እሱም ውሸት ነው።»

«ስግደቴስ?»

«ይቅር ይበሉኝ» አላቸው አባቴ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ ስግደት የትም አይጠፋም አሉት።

ማጭዷ በአፉ በጠራው ዋጋ ተሰጠችው፤ እጁ የጠራችውን ካህኑ ተዉት። አክስቴ ሰው እየገፋች መጥታ ያቺን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች። «ምነው ወንድማለም፣ ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ?» አለች። «በል አሁን እኔ እሳልልሃለሁ።»

«ማጭድ ግን እንዳይሆን» አላት።

ከግቢው ስንወጣ ብስክሌት የገለበጠው ሰውዬ እንደ ልማዱ ተነሥቶ እጅ ነሣ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ እጁን አንሥቶ ሰላም አለው። ሰውዬው ደጋግሞ ሰላም የተባለ መስሎት ደጋግሞ ጎንበስ ቀና አለ። እንዲህ ሲከባበሩ ታክሲ አለፈን።

ሐኪም ቤትም ሄድን። ብርድ አይደለም አሉን፣ ኮሶዬም ከክሱ ነፃ ወጣች። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡት፤ እንደ ድሮው እንደማትሆን ግን በደንብ ነገሩት። ወደ ቤት ስንመለስ በር ላይ ሲደርስ «ቅዳሜ አንቺ ለሞረድ ቅረቢ» አለኝ።

ቅዳሜ ቀረብሁ። እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ሞረዱን ያዝሁ። እጁን ጋቢው ውስጥ አልከተታትም፤ ጉልበቱ ላይ በግላጭ አስቀምጧት ሰፈሩ እያየው ያዘኛል። ወዲህ ግፊው ሲለኝ ጣቱ ወዲያም ስለምታሳይ ግራ እየገባኝ ከቅቤዋ ጋር ታገልሁ። ሞረዱ በእኔ እጅ እንደ በር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። «ተይው፣ ብረት አታሰቃዪ» አለኝ፤ ተቆጣኝ፤ እኔም ተቆጣሁት። ጎረቤታችን ቢላቸውን ይዘው መጡና በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ዛሬ ደግሞ ምን ተሳሉ?» አሉት። «እኔ አልተሳልሁም» አላቸው። «እሷ ናት የምትስለው። እጄ አትታዘዘኝም።» ቢላቸውን ትተው ሄዱ። ወደ ብስክሌቱ አልሄዱም።

ፀሐይዋ ከኮኩ ዛፍ በላይ ስትወጣ ሞረዱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይቋረጥ ከማጭዷ ሥር እስከ ጫፏ ሄደ። ያንን ድምፅ አወቅሁት። አባቴም ቀና አለ። ድሮ ቢሆን ማጭዷን ተቀብሎ ስለቷን በአውራ ጣቱ ይፈትናት ነበር። ጣቱን አየት አደረጋትና ተዋት።

«ያንቺን አውሽኝ» አለ።

አውራ ጣቴን በምትንቀጠቀጥ እጁ ያዘና ቀስ አድርጎ በማጭዷ አፍ ላይ አሳለፈልኝ። የእሱ እጅ እየተንቀጠቀጠች የእኔም አብራ ተንቀጠቀጠች፤ እንዳይቆርጠኝ ፈርቼ ትንፋሼን ያዝሁ። አልቆረጠኝም። አንድ ቀጭን ነገር ብቻ ቆዳዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

«ተሰማሽ?» አለኝ።

«ተሰማኝ» አልሁት፤ ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበር።

«ስለት ማለት ይቺ ናት።»

ከኋላችን፣ ከጓዳው በር ላይ፣ አክስቴ «አሜን» አለች።